ነቅተው ያደሩት

ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ሥር ገባ ብሎ በሯ ዝቅ ያለች አንዲት ክፍል አለች። ረጅም ሰው ካልተጠነቀቀ ግንባሩን ይመታል። ስለዚህ የለመደ ሰው ውጭ ቆሞ ነው የሚጣራው፤ «እትዬ አንድ በአንድ! አሉ?» ይላል። ከውስጥ «አለሁ፤ ጎንበስ ብለህ ግባ» የሚል ድምፅ ይመልስለታል። ድምፁ ከዚያች ክፍል መሰማት ከጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል።

የመዝገብ ቤቷን ኃላፊ በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ከደመወዝ ከፋዩ ሌላ እምብዛም የለም። «አንድ በአንድ» የሚለውን ስም ያወጣላት የገዛ አፏ ነው። ሰው ላብ በላብ ሆኖ ገብቶ «ልጅ ተወለደልኝ፣ ቤትም ቀይሬያለሁ፣ አጎቴም ሞቷል» ሲላት እስክሪብቶዋን ታነሳና «አንድ በአንድ» ትለዋለች። መጀመሪያ ሕፃኑ፣ ቀጥሎ ቤቱ፣ መጨረሻ ላይ አጎትየው። «ሟቹ እንደሆነ አይቸኩልም» ትላለች።

ሥራዋን ላዩን ያየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ከተማው ውስጥ የተወለደ ይደመራል፣ የሞተ ይቀነሳል፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሰፈረ ይደመራል፣ ለቆ የሄደ ይቀነሳል። አለቀ። ግን ሰው እንደ ቁጥር አይታዘዝም። ልደት ደስታ ስለሆነ አባትየው ራሱ እየሮጠ ይመጣል፤ አንዱማ ባለፈው ወር የግራውን ጫማ በቀኝ አድርጎ ነው የመጣው። ለቆ የሚሄድ ሰው ግን ጎረቤቱን ይሰናበታል፣ ባለሱቁን ይሰናበታል፣ መዝገብ ቤትን የሚሰናበት ግን ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው። ስለዚህ እሷ ከተማውን በጆሮዋም በእግሯም ትከታተላለች። የተዘጋ መስኮት ካየች ትጠይቃለች። በገመድ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰቅሎ ካየች እናቲቱ እስክትመጣ ቀን ትቆጥራለች። እንዲህ አድርጋ ያቆየቻቸው መዝገቦች ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ግማሾቹ ከእሷ በፊት በነበሩ እጆች የተጻፉ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ በራሷ ደቃቅና ቀጥ ባለ ጽሕፈት የተሞሉ ናቸው።

አሁን ስለ ከተማዋ ማወቅ የሚያስፈልገን አንድ ነገር አለ። ከተማዋ ትንሽ ናት። አንድ የፈትል ፋብሪካ፣ አንድ ሆስፒታል፣ ሁለት ዳቦ ቤትና አንድ የአውቶቡስ ጣቢያ አላት። ሕጉ ግን ከተማን በፋብሪካ አይለካም፤ የሚለካው በሰው ነው። አርባ ሺህ ነዋሪ ያላት ከተማ «ራሷን የቻለች» ትባላለች፤ የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ማኅተም፣ የራሷ መዝገብ ይኖራታል። ከአርባ ሺህ በታች ከሆነች አጠገቧ ያለችው ትልቅ ከተማ «ታቅፋታለች»። ቃሉ ደብዳቤ ላይ ሲነበብ የእናት ይመስላል። ትርጉሙ ግን የልደት ወረቀት የሚፈልግ ሰው ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ይሂድ ነው።

እናም በዚያ ዓመት በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 39,612 ሆኖ ተገኘ።

ከንቲባው ደብዳቤውን ይዞ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ግንባሩን መታ። ወጣት ነው፤ በተጨነቀ ቁጥር ክራቫቱን ያላላል። ያን ቀን ክራቫቱ ደረቱ ላይ ደርሶ ነበር።

«እትዬ፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ሰው ጎደለን።»

«አንድ በአንድ» አለችው፤ ወንበር ሳበችለት። «መጀመሪያ ግንባርህን በውሃ አርሰው።»

«ግንባሬን ተዪው! ቅሬታ ለማቅረብ አሥር ቀን ነው የሰጡን። ማስረጃ ካላቀረብን መዝገቦቹ ተጭነው ይሄዳሉ። የጎረቤት ከተማው ሰውዬ ደግሞ ነገ መጥቶ መደርደሪያውን እለካለሁ ብሎ ደውሏል።»

«የእኔን መደርደሪያ?»

«በሜትር!»

እትዬ አንድ በአንድ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን መዝገቦች ቀና ብላ አየቻቸው። እነሱ ሲሄዱ እሷም ወይ አብራ ትሄዳለች፣ ወይ ጡረታዋን ቀድማ ትወስዳለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ መወሰን አቃታት። በዚህ ላይ ደግሞ የማያስተኛ ነገር ነበር። በእሷ መዝገብ የከተማዋ ሕዝብ 40,058 ነው። በቆጠራውና በመዝገቡ መካከል የ446 ሰው ልዩነት አለ።

«መዝገቤ እስከ አርባና ሃምሳ ሰው ሊስት ይችላል» አለች ቀስ ብላ። «ሳይነግሩኝ የሄዱ ይኖራሉ። አራት መቶ አርባ ስድስት ሰው ግን ሳይነግረኝ አይሄድም። ይህን ያህል ሰው ሲሄድ አውቶቡስ ጣቢያው ያወራል።»

«ታዲያ የት ገቡ?»

«እሱን ነው የምንፈልገው» አለች። ከንቲባው ሲያያት ፊቷ በርቷል። እሱ ሊያለቅስ ደርሶ ሳለ እሷ የፈካችው አንድ ያልተፈታ ነገር ስላገኘች ነው። ተፈጥሮዋ ነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ? እሷም ከሥሩ ጀመረች። የቆጠራውን ውጤት በዕድሜ ከፋፍላ ከራሷ መዝገብ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። ከዜሮ እስከ አምስት ዓመት ያሉት ሕፃናት ልዩነታቸው ሁለት ብቻ ሆነ። ተማሪዎች፣ አራት። ከስልሳ ዓመት በላይ ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ሰባት። ከሃያ እስከ ሃምሳ አምስት ዓመት ያሉት ላይ ስትደርስ ግን ከአራት መቶ በላይ ጉድጓድ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶዋ መታችው። ቆጣሪዎቹ ቤት ዘለው ቢሆን ኖሮ ሕፃናቱም አብረው ይጎድሉ ነበራ! በር ሲዘለል እናት ብቻ ተመርጣ አትዘለልም። ሕፃናቱ ካሉ ቤቱ ተንኳኩቷል፤ በሩ ተከፍቷል፤ መልስ ተሰጥቷል። ከዚያ ከተከፈተ በር ኋላ ለሥራ የደረሰ አንድ አንድ ሰው ጠፍቷል። ነገሩ እንደዚህ ሲጠብ ደስ ይላታል።

በማግሥቱ የጎረቤት ከተማው ሰው ሜትሩን ይዞ መደርደሪያውን ሲለካ፣ እሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የቆጠራ ቅጾቹን ግልባጭ ትገልጥ ነበር። «እግርዎን ትንሽ ያነሡልኛል?» አላት። አነሣችለት።

ቅጾቹ ዘጠኝ ሺህ ገደማ ናቸው። ከራሷ ሠፈር ጀመረች፤ ምክንያቱም ማን የት እንደሚኖር ከሌሎቹ ሠፈሮች ይልቅ አጥርታ የምታውቀው እዚያ ነው። የፈትል ፋብሪካ ሠራተኞች የሚበዙበት ሠፈር ነው። የመጀመሪያው ቤት፣ አንድ ሰው ጎደለ። ሁለተኛው ሙሉ ነው። ሦስተኛው፣ አንድ ሰው ጎደለ። አራተኛውን አየችው፤ «ሁለት ሰው፤ እኔና አማቴ፤ ልክ ነው» አለችና ገለጠችው። አምስተኛውን ጀመረች። ከዚያ እጇ ቆመ።

አራተኛውን መልሳ ገለጠችው። የራሷ ቤት ነው። የራሷ ፊርማ ከግርጌው አለበት። ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረው ባሏ ግን የለም።

«ወይ ጉድ!» አለች ጮክ ብላ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!»

ሜትር የያዘው ሰውዬ ደንግጦ ሜትሩን ለቀቀው።

የቆጠራው ጧት ቁልጭ ብሎ ታያት። ባሏ በፋብሪካው የማሽን ጠጋኝ ነው። ያን ሳምንት የሌሊት ፈረቃ ነበር፤ ማታ አራት ሰዓት ገብቶ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይወጣል። ቆጣሪ ሆኖ የመጣው የሒሳብ አስተማሪ ጧት አንድ ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆሞ «ትናንት ሌሊት እዚህ ቤት ማን አደረ?» አላት። እሷም ጥያቄ ሲጠየቅ ደስ የሚላት ሴት ናትና በጥንቃቄ፣ በትክክል መለሰች፤ «እኔና አማቴ።»

ይህ ጥያቄ ሞኝ ጥያቄ እንዳይመስል። ያወጡት ሰዎች አስበውበታል። ሰውን «እዚህ ቤት ማን ይኖራል?» ብንለው የሚመልስልን ልቡ ነው። እናት ከሰባት ዓመት በፊት የሄደ ልጇን ትቆጥራለች፤ አልጋው እንደተነጠፈ ነውና። ልጁም በሄደበት ይቆጠራል፤ አንድ ሰው ሁለት ይሆናል። «ማን አደረ?» ስንለው ግን የሚመልሰው ዓይኑ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ሁለት ቦታ ሊያድር አይችልም። ግሩም ዘዴ ነው! ሆስፒታሉ በሽተኞቹን ቆጠረ፤ ማረፊያ ቤቱ እንግዶቹን ቆጠረ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀረችው፤ የትም ሳይተኛ ያደረ ሰው።

ማታ ቤት ስትገባ ነገሩን ሳትደብቅ ተናገረች። አማቷ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው እንደ ሚዛን ነው።

«እኔ እኮ ያኔውኑ ሰምቻለሁ» አሉ። «አስተማሪው ‹ማን አደረ?› ሲል ልጄ ደረጃው ላይ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ጭራሽ አንቺ ‹ቀስ በል፣ እየተቆጠርን ነው› አልሽው!»

«እማማ፣ ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቁጥር የአንቺ ነው ብዬ! ይሄን ልጅ ወልጄ ለማስመዝገብ ሦስት ቀን ተሰልፌያለሁ። አንቺ በአንድ መስመር አወጣሽው።»

ባልየው ለሥራ ሊወጣ ካልሲውን እየሳበ ሳቀ። «ታዲያ ከሕዝብ ከወጣሁ ግብር መክፈል ይቀርልኛል?»

«ዝም በል አንተ። ለመሆኑ ያን ሌሊት ፈረቃችሁ ስንት ሰው ነበር?»

«ከአራት መቶ በላይ።»

እትዬ አንድ በአንድ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከአራት መቶ በላይ!

በነጋታው ፋብሪካው በር ላይ ተገኘች። ዘበኛው ሃያ ስድስት ዓመት ያንን በር የጠበቁ፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ በቆጠራው ዕለት ቆጣሪ መጥቶ ነበር?»

«መጥቷል። ቦርሳ ያንጠለጠለ ጎረምሳ። ‹አባባ፣ ትናንት ሌሊት እዚህ ግቢ ያደረ ሰው አለ?› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ! ‹ይሄ ፋብሪካ ነው፤ ማደሪያ መሰለህ? እዚህ ሰው ይሠራል እንጂ አያድርም። ተኝቶ ያደረ ባገኝ እኔው ነኝ የማስባርረው› አልኩት። አባረርኩታ!»

«አሃ» አለች፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ። «እርስዎ ራስዎስ ያን ሌሊት የት ነበሩ?»

«እኔማ እዚሁ፤ የት እሄዳለሁ?»

«ቤትዎስ ማን ነበር?»

«ብቻዬን አይደል የምኖር? ቆልፌዋለሁ።»

«እንግዲያውስ ጋሼ፣ እርስዎም የሉም።»

ሽማግሌው ደረታቸውን ዳበሱ። «የለሁም? ጡረታዬስ?»

«ጡረታዎ አለ። የሌሉት እርስዎ ነዎት።»

«በሉ እንግዲህ በቶሎ መልሱኝ» አሉ በሩን ወለል አድርገው እየከፈቱ፤ «ሳልኖር ማን ይጠብቃል!»

እትዬ አንድ በአንድ በማስታወሻዋ ጠርዝ ላይ «ዘበኛው፤ በኋላ» ብላ ጻፈችና ወደ ሰዓት ተቆጣጣሪው ቢሮ አለፈች። በፋብሪካው እያንዳንዱ ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ ሰዓቱ የሚመታበት ካርድ አለው። የዚያ ሌሊት ካርዶች በላስቲክ ታስረው፣ አቧራ ለብሰው ተቀምጠው ነበር። ቆጠረቻቸው። እንደገና ከኋላ ወደ ፊት ቆጠረቻቸው። አራት መቶ ሠላሳ አንድ። የባሏን ካርድ ስታገኝ ትንሽ ያዝ አደረገችው።

ከዚያ ማጣራቱ መጣ። ሠላሳ ሰባቱ ከከተማው ወሰን ውጭ የሚኖሩ ሆኑ፤ ወጡ። ሦስት መቶ ዘጠና አራት ቀሩ። ከንቲባው ይህን ሲሰማ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ፤ ደስታው ጎንበስ ማለትን አስረስቶት ያንኑ ግንባሩን ደገመው።

«አርባ ሺህ ከስድስት! እትዬ፣ ታድገሽናል! ዛሬውኑ ልላከው።»

«ቆይ፤ አንድ በአንድ። ከእነዚህ ውስጥ ሚስት ወይ እናት ‹ይኸው እሱም አለ› ብላ ያስጻፈችው እንዳይኖር ቅጾቹን ማየት አለብኝ። እንደኔ ያልሆነ ሰው ይኖራል።»

«ብትደርሺበትስ?»

«ይወጣላ። አንዴ የተቆጠረ ሰው ሁለቴ አይቆጠርም።»

ከንቲባው ክራቫቱን ያዘ። «ስድስት ሰው ብቻ ነው የተረፈን። ባታዪውስ?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው። «አሥራ አንድ ሰው ተደግሞ ነው እንበል፤ እነሱ ካዩት አሥራ አንዱን ብቻ አይደለም የሚጥሉት፤ ሁሉንም ነው። ደግሞ...» አለችና መደርደሪያውን አየች። «ደግሞ እነዚህ መዝገቦች እዚህ እንዲቀሩ የምፈልገው እውነት ስለሆኑ ነው። በውሸት ካቆየኋቸው ለምን ይቆያሉ?»

ሁለት ቀን ፈጀባት። ተጽፈው የተገኙት በእርግጥም አሥራ አንድ ነበሩ፤ እንዴት እንደገመተች እሷም አታውቅም። ሦስት መቶ ሰማንያ ሦስት ቀረ። ድምሩ 39,995። ለአርባ ሺህ አምስት ሰው ጎደለ።

አምስት! ከንቲባው ክራቫቱን ጨርሶ አውልቆ ኪሱ ከተተው። ከተሰጣቸው አሥር ቀን የቀሩት ሦስት ናቸው።

በማግሥቱ ጧት ባሏ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ገባ። አማቷ ቢላውን አነሡ። እትዬ አንድ በአንድ ሻይዋን ሳትቀምስ ብርጭቆውን ታዞራለች።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«አምስት ሰው አጣሁ። ዘበኛውን ብጨምር አራት።»

«ዘበኛው ካርድ የለውም እንዴ?»

«ዘበኞች በካርድ አይሠሩም፤ በሌላ ደብተር ነው የሚፈርሙት። ሦስት ናቸው፤ እነሱን ሁሉ ብጨምር እንኳ ሁለት ይጎድለኛል።»

ባልየው ዳቦውን እየቆረሰ እንደ ቀልድ ተናገረ። «አንቺ የምታውቂው የቀኑን ከተማ ነው። እኛ ነቅተን የምናድር ሰዎች እኮ ሌላ ከተማ ነን። እርስ በርስ እንተዋወቃለን። ይሄን ዳቦ የሰጠኝ ጋጋሪ በኋላው መስኮት ነው ያቀበለኝ፤ ገና ሱቁ አልተከፈተም። ነርሶቹም ከፈረቃ ሲወጡ አብረውን ነው ዳቦ የሚገዙት። አንዷማ ‹ደህና እደር› ትለኛለች፤ ፀሐይ ወጥታ!»

እትዬ አንድ በአንድ ዳቦውን አየችው። ትኩስ ነው። ትኩስ ዳቦ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ከደረሰ፣ የጋገረው ሰው ሌሊቱን የት ነበር?

«ሆስፒታሉ በሽተኞቹን ቆጥሯል» አለች ቀስ ብላ። «ነርሶቹን ግን ማን ቆጠራቸው? በሽተኛው ተኝቷል፤ እነሱ አልተኙም!»

«ሻይሽን ጠጪ እንጂ» አሉ አማቷ፤ እሷ ግን ጫማዋን በመፈለግ ላይ ነበረች።

ሁለቱ ዳቦ ቤቶች ያን ሌሊት አሥራ አራት ጋጋሪ ነበራቸው፤ ሁሉም ከቤታቸው ቅጽ ላይ የሉም። ከሆስፒታሉ የሌሊት ተረኞች ውስጥ ብዙዎቹን ቤተሰብ አስጽፏቸዋል፤ ያልተጻፉት አሥራ አንድ ናቸው። ዘበኞቹ ሦስት። እያንዳንዱን ስም ከየት እንዳገኘችው፣ የት እንደሚኖር፣ የትኛው ቅጽ ላይ መኖር ሲገባው እንደሌለ ጽፋ፣ ካርዶቹንና የፊርማ ደብተሮቹን አያይዛ በዘጠነኛው ቀን ላከችው። 40,023።

ከሳምንት በኋላ ከዋናው የቆጠራ መሥሪያ ቤት አንድ መርማሪ መጣ። ረጅም ሰው ነው። «ጎንበስ ይበሉ!» ብላ ብትጮህም ዘገየች። ግንባሩን ይዞ ተቀመጠና ሁለት ቀን ሙሉ ሠራ። ከሰነዱ መሐል እንዳጋጣሚ ስም ይመዝዛል፤ ቅጹን ያስወጣል፤ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያንኳኳል። ከንቲባው በየሰዓቱ ብቅ እያለ «እንዴት ነው?» ይላል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት መርማሪው እስክሪብቶውን አነሣ። «ይኸው አንድ ተገኘ። ይህ ጋጋሪ በራሱ ቤት ቅጽ ላይ አልተጻፈም፤ እውነት ነው። ግን ከተማው ማዶ እናቱ ቤት ተጽፏል። እናቱ ‹ልጄ ሁሌ እኔ ጋ ነው የሚበላው› ብላ አስቆጥራዋለች።»

ከንቲባው ዓይኑን ጨፈነ። እትዬ አንድ በአንድ ግን ከወንበሯ ብድግ አለች።

«የታለ? ያሳዩኝ! የእናት ቤትን እንዴት አላሰብኩም!» ቅጹን ወስዳ ወደ መስኮቱ ሄዳ በብርሃን አየችው። «ልክ ነዎት። እንዴት ደስ ይላል፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬን እንደዚህ ያየልኝ ሰው አልነበረም።»

መርማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። አንድ ቀነሰ። 40,022። ከዚያ ሌላ ቅጽ ከሥር አወጣ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ይህን ቅጽ የፈረሙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ባለቤትዎ የሉበትም።»

«እዚያ ቤት አላደረማ።»

«የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው ባልዎን ረሱት?»

«አልረሳሁትም!» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አለ። «ለተጠየቅሁት ልክ መለስኩ። የሳተው ጥያቄው ነው። ከሥሩ አንድ መስመር ቢጨመርበት፣ ‹ሌሊቱን ሥራ ላይ ቆይቶ ጧት ወደዚህ ቤት የተመለሰ ማን አለ?› ቢባል፣ ይኸው አለቀ። እኔም ባሌን አልጥል፤ ዘበኛውም ጎረምሳውን አያባርር።»

መርማሪው ትንሽ አሰበና ባዶ ወረቀት ገፋላት። «ይጻፉልኝ። ይዤው እሄዳለሁ።»

ጻፈችለት፤ ቀጥ ባለ ደቃቅ ጽሕፈቷ። ሲወጣ ጎንበስ አለ።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ከተማዋ ራሷን እንደቻለች ትቀጥላለች፤ መዝገቦቹም ባሉበት ይቆያሉ። ከንቲባው ደብዳቤውን ደረጃው ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ክራቫቱ አንገቱ ላይ በደንብ ታስሮ ነበር። ዘበኛው ዜናውን ሲሰሙ «እኔስ?» ብለው ልከው ጠየቁ። «አሉ፤ በገጽ ሰባት» የሚል መልስ ተላከላቸው፤ ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት ይባላል።

በእሷ መዝገብና በቆጠራው መካከል አሁንም ሠላሳ ስድስት ሰው ልዩነት አለ። ሳይሰናበቱ የሄዱ ናቸው። ዝርዝራቸውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ፣ ፋታ ባገኘች ቁጥር ስለ ተዘጋ መስኮት ታጠያይቃለች።

ቤቷ ውስጥ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ባልየው ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ፣ በሩ ሲንኳኳ፣ አማቷ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ጣታቸውን ይቀስራሉ። መጀመሪያ ወደ ራሳቸው፣ ቀጥሎ ወደ ምራታቸው፣ መጨረሻ ጫማውን ወደሚያወልቀው ልጃቸው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሞልተናል» ይላሉ። «በይ አሁን ዳቦውን ቁረሽ።»